አጉድዬ የተሳልኩት ስለት

የሺዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየሽን ይኸው ሦስተኛው የጆሃንስበርግ ብርድ አለፈ። ክረምት አላልኩትም፤ አንቺ «ዝናብ የሌለው ክረምት ክረምት አይባልም» ትይ ነበርና። ሣሩን አድርቆ፣ ከንፈር ሰነጣጥቆ፣ ለኔ ግን ብርድ ልብስ ሽጦልኝ ሄደ። አሁን ጥቅምት ነው። መንገዱ ሁሉ በጃካራንዳ አበባ ሐምራዊ ሆኗል፤ ታክሲዎቹ እየደፈጠጡት ያልፋሉ። መቃብርሽ አጠገብ ያለው ሣርም ማቆጥቆጥ ጀምሯል፤ እሑድ ዕለት አይቼው መጣሁ።

ቤት የተለወጠውን ልንገርሽ። መብራት እንደ ድሮው በየሰዓቱ አይጠፋም። የፎርድስበርጉን ሱቅ አቀማመጥ ቀየርኩት፤ ብርድ ልብሱ ወደ ፊት መጣ፣ ያንቺ መጋረጃ ወደ ኋላ ሄደ። አትቆጪ፤ መጋረጃ ካንቺ ሌላ ሰው ሲሸጠው አይሄድም። ሴቶቹ መጥተው ጨርቁን ያሻሹና «ሚስትህ ብትኖር ትመክረን ነበር» ብለው ይወጣሉ። ከክሊፕታውን እየመጣች በጅምላ የምትወስደው አሮጊቷ ጎጎ ኖምሳ ደግሞ እስካሁን በገባች ቁጥር ያንቺን ወንበር በእጇ መታ መታ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። የቀኑን ውሎ በደብተር መጻፉንም አልተውኩም። ዛሬ ግን የምጽፈው ላንቺ ነው።

የምጽፍልሽ ወሬ ለማውራት ብቻ አይደለም። ተጨንቄያለሁ። ታውቂኛለሽ፤ ዕቃችን ደርባን ወደብ ላይ ሲያዝ አንቺ እያነባሽ እኔ ራቴን በልቼ የምተኛ ሰው ነበርኩ። «አንተ ደምህ ውኃ ነው» ትዪኝ ነበር። አሁን ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። ነገሩን ከመነሻው ልንገርሽ፤ ከሰማሽ በኋላ የምለምንሽ አለ።

አንቺን ከቀበርን ብዙም ሳይቆይ ብሌን ያረጁ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችን ማደስ ልማር ብላ ጣሊያን ሄደች። ሁለት ዓመት ነው ብላኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት እችላለሁ ብዬ ሸኘኋት። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ «አባዬ፣ እዚሁ ሥራ ሊይዙኝ ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። አንድ ሰው ለአራት ወንበር በጣም ያንሳል፣ የሺዬ።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩና ተሳልኩ። አዎ፣ እኔ! ስለት ያንቺ ክፍል ነበር፤ እኔ በዕድሜዬ ተስዬ አላውቅም። በብርዱ ውስጥ ቆሜ «ገብርኤል ሆይ፣ ልጄን እስከ ታኅሣሥ በዓልህ ወደ ቤቴ ብትመልስልኝ ባለ ወርቅ ጥልፍ ጃንጥላ አስገባልሃለሁ» አልኩ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም። ጥሩ ውል የተዋዋልኩ መስሎኝ እጄን እያፋተግሁ ወደ ሱቅ ተመለስኩ።

ዕቃ ሳዝ እንዴት እንደማዝ ታውቂያለሽ። ቀለሙን፣ ውፍረቱን፣ የጠርዙን ስፌት፣ የማሸጊያውን ላስቲክ ሳይቀር ለአቅራቢው እነግራለሁ፤ ያልነገርሽውን ነገር እሱ እንደሚመቸው አድርጎ ይሞላዋላ። ለመልአኩ ግን አፉ ክፍት የሆነ ትዕዛዝ ሰጠሁት።

አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አታደርጊም ነበር። ብሌን ሕፃን ሆና ሳንባዋን በታመመች ጊዜ፣ ዱርንፎንቴን ተከራይተናት በነበረችው አንድ ክፍል ውስጥ ተንበርክከሽ የተሳልሽው ትዝ ይለኛል። «በሁለት እግሯ ቆማ፣ ዓይኗ እያየ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ እናቷን በስሟ እየጠራች» አልሽ። እኔ ስቄ «ይኼ ስለት ነው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን?» ስልሽ ዞር ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ «ዝም በል፤ ያልተዘጋ ስለት ሌላ ነገር ይገባበታል» አልሽኝ።

የደሴውን ልጅም ታስታውሺዋለሽ፤ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች መንደር ውስጥ ሱቅ የነበረውን። እናቱ አገር ቤት ሆና ልጄን አምጣልኝ ብላ ተስላለት ነበር። ዘራፊ ገደለው። እኛ ገንዘብ አዋጥተን በሣጥን ሸኘነው። ከኤርፖርት ስንመለስ መኪናው ውስጥ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ቤት ገብተሽ ነጠላሽን ስታጣጥፊ ብቻ «በእግሩ አላለችም» አልሽ።

ይኼ ሁሉ በሐምሌ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ በመስከረም ነው፣ ጣሊያን አገር፣ ካቴድራል ውስጥ ቆሜ።

ብሌን «ሦስት ዓመት የሚያስፈርም ሥራ ሰጥተውኛል። ግን ሳትመርቀኝ አልፈርምም፤ መጥተህ እይና መርቀኝ» ብላ ጠራችኝ። ቲኬት ስቆርጥ ልቤ ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። ሄጄ፣ ቀዝቀዝ ብዬ አነጋግሬ፣ ይዣት ልመለስ ነበር። ስለቱም አለ፤ ከላይም ከታችም ይዣታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከተማዋ ኦርቪየቶ ትባላለች። ቋጥኝ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይ በገመድ የሚሳብ ፉርጎ ያወጣሻል። ብሌን ሥራ ላይ ስለነበረች ካቴድራሉን ብቻዬን ፈልጌ አገኘሁት። ፈልጌ ስል፣ ከጠባቧ መንገድ ብቅ እንዳልኩ ፊቴ ላይ ቆመ። ግንባሩ በሙሉ ወርቅ ነው። ወርቅ የተቀባ የመስታወት ጠጠር አንድ በአንድ እየለጠፉ የሠሩት ሥዕል ነው አለችኝ በኋላ። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲመታው ሰዉ ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው የሚያየው።

የሚያብረቀርቅ ነገር እንደማይደልለኝ ታውቂያለሽ። ጨርቅን የምመዝነው በፊቱ ሳይሆን በጀርባው ነው። ስለዚህ ሰዉን ትቼ ወደ ጓሮው ዞርኩ። ፊቱን አሳምረው ጎኑን በጭቃ የመረጉት ይሆናል ብዬ ነበር። የለም። ነጭ ድንጋይ፣ ከዚያ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከመሬት እስከ ጣራ፣ ማንም ፎቶ በማያነሳበት በኩል ሳይቀር ረድፉ አልተዛነፈም። መጋጠሚያውን በጥፍሬ ሞከርኩት፤ አልገባም። «ይኼን ያዘዘው ሰው ዕቃ ያውቃል» አልኩ ብቻዬን። በኋላ ብሌን እንደነገረችኝ ግን የጀመሩት ሰዎች ሲያልቅ አላዩትም፤ ልጆቻቸውም፣ የልጅ ልጆቻቸውም አላዩትም። እኔ ሦስት ወር የሚዘገይ ዕቃ እንኳ አላዝም።

ወደ ፊት ለፊቱ ተመለስኩ። ከመግቢያ በሮቹ አጠገብ ነጭ እብነ በረድ ላይ የኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ ተቀርጿል። አዳም ተኝቷል። ፈጣሪ ጎንበስ ብሎ፣ ቁስል እንደሚያክም ሰው ቀስ ብሎ፣ ጎኑን ከፍቶታል። መላእክቱ ቆመው ያያሉ። ድንጋይ መሆኑን ያስረሳሻል፤ የአዳም ሆድ ሲተነፍስ የምታዪ ይመስልሻል። ብዙ ቆምኩበት። አዳም ጎኑን ሲወስዱበት እንቅልፍ ላይ ነበር። እኔ ግን አንቺን ሲወስዱብኝ ነቅቼ ነበር።

በሩ ላይ እንደ ልማዳችን ጫማዬን አወለቅሁ። የበሩ ጠባቂ ጫማዬን አየ፣ ካልሲዬን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ። በእጁ «ልበስ» አለኝ። በእጄ «አይሆንም» አልኩት። በእጁ «ኧረ ልበስ» አለኝ። ጫማዬን ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ብብቴ ሥር አደረግሁና ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ሲስቅ ሰማሁት፤ ግን አልመለሰኝም። ወለሉ በካልሲ ይቀዘቅዛል፣ የሺዬ፤ ያም ሆኖ ደስ ይላል።

ውስጡ ሰፊ ነው፤ ወንበርና ዕቃ አላጨናነቀውም። ዓምዶቹም እንደ ውጪው ነጭና ጥቁር ለብሰዋል። አንቺን ያስመኘኝ ግን መስኮቱ ነው። የታችኞቹ መስኮቶች መስታወት አይደሉም። ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ድንጋይ ነው፤ ደም ሥር ደም ሥር አለው፤ ብርሃኑ በማር ውስጥ ያለፈ መስሎ ይገባል። ሴቶቹ ሱቅ መጥተው «ብርሃን የሚያስገባ፣ ሰው ግን የማያሳይ» ሲሉሽ «እንዲህ ያለ መጋረጃ ገና አልተሸመነም» ትያቸው ነበር። ከድንጋይ ሠርተውት ኖሯል።

እዚያ ብርሃን ውስጥ ቆሜ ስደሰት ከላይ «አባዬ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ቀና አልኩ። በጎን ካሉት ጸሎት ቤቶች በአንዱ ውስጥ የብረት መወጣጫ እስከ ጣራው ድረስ ተተክሏል፤ ብረት በብረት ላይ፣ ጣውላ በጣውላ ላይ። ከሁሉም በላይ፣ ሰው እርግብ በሚያክልበት ከፍታ፣ ቢጫ ቆብ ያደረገች ልጅ ጎንበስ ብላ እጇን ታወዛውዛለች። ልጃችን ናት።

«ሥዕል አጸዳለሁ» ነበር ያለችኝ። ሥዕሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የታየኝ። ጣራ ላይ መሆኑን ማን ነገረኝ?

«ወደ ቤቴ ብትመልስልኝ» ያልኩት ያኔ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። በምን ዓይነት? አላልኩም። በእግሯ? አላልኩም። የደሴው ልጅ ሣጥን፣ ያንቺ ነጠላ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። ታኅሣሥ ሊገባ ስንት ወር እንደቀረው ቆሜ አሰላሁ።

እስክትወርድ ድረስ ቀና ብዬ ማየት ስላልቻልኩ እግሬ ወደመራኝ ሌላ ጸሎት ቤት ገባሁ። ማምለጤ ነበር፤ አላመለጥኩም። ግድግዳው ሁሉ የዓለም መጨረሻ ነው። በአንዱ በኩል ሁለት ግዙፍ መላእክት ረጃጅም መለከት ይነፋሉ፤ ከታች ሙታን ይነሣሉ። መሬቱ ነጭና ልሙጥ ነው፤ ሙታኑ ከኩሬ እንደሚወጣ ዋናተኛ በክንዳቸው ተደግፈው ይወጣሉ። አንዱ ገና ጭንቅላቱ ብቻ ነው የወጣው። አንዱ ጉልበቱን አውጥቶ ሌላው እግሩ አልመጣለትም። አጽም የሆኑም አሉ፤ ሥጋ እስኪመጣላቸው ቆመው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ቀድመው የወጡት ተቃቅፈዋል። የሠራው ሰው የትከሻን ሥጋ፣ የጀርባን ጡንቻ እንዴት እንዳወቀው! ሰው ከራሱ ክብደት ጋር ሲታገል ያየሽ ያህል ነው። አንቺን ፈለግሁሽ። አትሳቂ፣ ፊት ለፊት እያየሁ ፈለግሁሽ። አንዲት ጀርባዋን የሰጠች ሴት ነበረች፤ አንገቷ ያንቺን ይመስላል ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ዞር ስል ደግሞ ኩነኔ ነው። እዚያ ሰዎች ከሰማይ ወደ ታች ይወረወራሉ። የሚወድቅ ሰው እጁ ምን እንደሚሆን ሠዓሊው በደንብ ያውቃል። ወጥቼ ሄድኩ።

በማግስቱ ብሌን «ዛሬ ትወጣለህ» አለችኝ። አለቃዋ አጭር፣ ፀጉሯ የነጣ፣ ቁጡ የምትመስል ሴት ናት፤ ቆብና ወፍራም ጫማ አመጣችልኝ።

«በቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማ አላደርግም፣ ቆብም አላደርግም» አልኩ።

«አባዬ፣ ያለሱ አያስወጡህም።»

«እንግዲያው አልወጣም።» እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ፈርተህ ነው አይደል?»

«እኔ? ምኑን ነው የምፈራው?»

«እንግዲያው ልበስ። ገብርኤልም ጭንቅላትህ ከሚፈነከት ቆብ ብታደርግ ይመርጣል።»

ስሙን እንዲያው በቀልድ ስትጠራው ክርክሩን ተውኩ። ለበስኩና ወጣሁ።

ደረጃው ብረት ነው፤ በቀዳዳው የታቹ ወለል ይታያል። አላየሁም። የእጀታውን ብረት እያየሁ ወጣሁ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ ብሎኖቹ ጠብቀዋል። ብሎኖቹን በሙሉ ነው ያየሁልሽ። ላይ ስደርስ ብሌን ወገቧ ላይ ያለውን ቀበቶ ከገመዱ ጋር በመንጠቆ አያያዘችው፤ ቀጭ አለ። የኔንም አያያዘችልኝ። ከዚያ ሥዕሉን አሳየችኝ።

ከታች አንድ መልአክ የሚመስለው ከቅርብ ሲታይ ጭረት ብቻ ነው። ቀጫጭን ጭረት፣ አንዱ ከሌላው ጎን፣ እንደ ክር። ጉንጩ አረንጓዴ ጭረት አለበት፤ ከታች ግን ሥጋ ነው የሚመስለው። ብሌን በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ በፈሳሽ ነካ አድርጋ፣ የምትፈትግ ሳይሆን የምትለምን በሚመስል እጅ ታሻሸዋለች። ጥጡ ይጠቁራል፤ ከሥሩ ሰማያዊ ይወጣል። በቀን የምታጸዳው የክብሪት ሣጥን የምታህል ቦታ ነው። ስትሠራ ምላሷን በጥርሷ ያዝ ታደርጋለች፤ አንቺ መርፌ ስታስገቢ እንደምታደርጊው።

«ሠዓሊው እርጥብ ልስን ላይ ነበር የሚቀባው» አለችኝ። «ስለዚህ በቀን የሚችለውን ያህል ብቻ ያስለስናል። እዚህ ጋ ይታይሃል? እዚህ አቆመ። በማግስቱ ከዚህ ጀመረ።»

ጣቷ ያሳየችው እንደ ስፌት ያለ ስስ መስመር ነው። ዓይኔ ስፌት ለምዷል፤ መስመሩን በክንፉ በኩል ተከትዬ ሌላ መጋጠሚያ አገኘሁ። «እዚህም ሌላ ቀን ነው» አልኳት። ጥጡን አስቀመጠችና «አባዬ፣ ይኼን እኔ ሳምንት ነው የፈጀብኝ» አለች። ደስ አለኝ። ለትንሽ ጊዜ የት እንደቆምኩ ረሳሁት፤ ልጄ እዚህ ናት፣ ቦታዋም ይኸው ነው አልኩ በልቤ። ይኼን ያለው ያው የተሳለው ልቤ ነው።

ከዚያ ሳላስበው ተንበረከከች። እዚያው፣ ጣውላው ላይ! ጉልበቴን ይዛ ለመሳም ጎንበስ አለች።

«ተነሺ! ምን እየሠራሽ ነው? ተነሺ አልኩሽ!»

«ሳትመርቀኝ አልነሳም።»

«ታች ወርደን እመርቅሻለሁ!»

«እዚህ ነው የምሠራው፤ እዚህ መርቀኝ።»

አለቃዋ ልጅቷን ያዞራት መስሏት ሮጣ መጣች። ጣውላው ተነቃነቀ። በአንድ እጄ ብረቱን አንቄ በሌላው እጄ ቢጫ ቆቧን ያዝኩ። ዘወትር የምንለው «ከፍ ከፍ ያርግሽ» አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፤ ከዚህ ወዲያ የት ከፍ ትበል? «የረገጥሽው ይጽናልሽ» አልኩ። «አሜን» አለች። «የያዝሽው አይክዳሽ።» «አሜን።» «እጅሽ ያደሰውን ልጆችሽ ይዩት።» «አሜን» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እኔ ግን ማልቀሻ ጊዜ እንኳ አልነበረኝም፤ «አሁን ተነሺ» ብቻ ነው ያልኩት። አለቃዋ ምን እንደተባለ ሳይገባት እሷም አማተበች።

ስወርድ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። በሐምሌ «ትመለስ» ብዬ ተስያለሁ፤ በመስከረም «ጽኚ» ብዬ መርቄያለሁ። የሺዬ፣ አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው ሸጥኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ንግድ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ስለቱን ለብሌን ሳልነግራት፣ ሁለቱንም ይዤ ጆሃንስበርግ ገባሁ።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ በጣም ሳቁ።

«አንተ ሰው፣ መልአኩን የብርድ ልብስ አቅራቢህ አደረግከው እኮ! ትዕዛዝ ሰጠህ፣ አሁን ደግሞ ልሰርዝ ነው የምትለው?»

«አባ፣ ጃንጥላውን አስገባለሁ፤ ከዚያም በላይ እጨምራለሁ። ዕቃው ግን ይቅርብኝ።»

«ልጄ፣ ገብርኤል ጠበቃ አይደለም፤ የቃልህን ጉድለት እየፈለገ አይዝህም። ልብህን ያያል።»

«ችግሩ እዚያ ነዋ፣ አባ። ልቤም ሁለት ነው።»

ያኔ መሳቃቸውን ተዉ። መስቀላቸውን እያገላበጡ «ልጅቱ ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም።»

«እንግዲያው ከመልአኩ በፊት ከሷ ጨርስ።»

ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ያቺን ዝምታ ታውቂያታለሽ፤ ካንቺ ነው የወሰደችው። ከዚያ «በኔ ነው የተሳልከው? ሳትጠይቀኝ? በግ ነኝ እንዴ፣ አባዬ?» አለች። «እየመረቅከኝ እኮ ነበር። ጉልበትህን ስስም ይኼ በሆድህ ነበር?» ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት አልነግርሽም። አታነሳም። ሥራ ላይ ትሁን፣ ተቆጥታ ትሁን፣ ወይስ ሌላ፣ አላውቅም። ተቆጥታ መንጠቆውን ረስታ ብትወጣስ? ይኼንንም ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ለአንዷ ሴት ድርቡን ብርድ ልብስ በነጠላው ዋጋ ሰጥቼ ጎጎ ኖምሳ ናት ሮጣ ያስመለሰችልኝ። «ማይ ፍሬንድ፣ ዛሬ ጠባቂ የሚያስፈልገው አንተን ነው» አለችኝ፤ ባንቺ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ራሷ መሸጥ ጀመረች። ስትሸጥ ደግሞ ከኔ ትበልጣለች።

አንድ ጠዋት ፎቶ መጣ። ቃል የለውም። መንጠቆው ብቻ፣ ከገመዱ ጋር ተቆልፎ። በማግስቱም እንዲሁ። እስካሁን በየጠዋቱ ከመጀመሯ በፊት ይኼንኑ ፎቶ ትልክልኛለች። አንዳንዴ ጓንቷ ይታያል፣ አንዳንዴ ጥላዋ። አኩርፋም ቢሆን ትልካለች። እኔም «ተጠንቀቂ» ብዬ እመልሳለሁ። የዚህ ሰሞን ወሬያችን ይኸው ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ይኼ ነው። እኔ ስለት እንደማላውቅ ታየ። አንቺ ከዚያ ወገን ነሽ፤ ስለ ልጅሽ ለመናገር ካንቺ የሚቀርብ የለም። ታኅሣሥ ሳይገባ ንገሪልኝ። ያ ሰውዬ ያለው ከብቸኝነቱ ነው በይልኝ። ጃንጥላውን ያስገባል፣ በምትኩ ግን ምንም እንዳታመጣለት በይልኝ። ቃሉን አንቺ አሳምሪው፤ እኔ አፌን አላምነውም።

ዛሬ ጠዋት ፎቶው አልመጣም። ሱቅ ከፈትኩ፤ አልመጣም። ሰው ገባ፣ ወጣ፤ ስልኬን ሳንቲም መያዣው አጠገብ አድርጌ ሳየው አረፈድኩ። ጎጎ ኖምሳ ሳትጠይቀኝ ገባት፤ «ኡሌት በሥራ ላይ ስልክ አያይም፣ ይመጣል» እያለች ለአንዲት ደንበኛ ብርድ ልብስ ትዘረጋለች። «ኡሌት» የምትለው እንግዲህ «ልጅት» ለማለት ነው፤ ከኔ የተማረችው አማርኛ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው። አልሳቅሁም። ለአባ ልደውል ነበር፣ ለአየር መንገድ ልደውል ነበር፣ ለማን እንደምደውል እንኳ አላውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል መጣ። መንጠቆው አይደለም። የመልአክ እግር ነው። ግማሹ ገና ጥቀርሻ የለበሰ፣ ግማሹ የጸዳ፤ አምስቱ ጣቶች ከሰማያዊ ደመና ላይ ያረፉ። ከሥሩ ድምፅዋ አለ፦ «አባዬ፣ ጠዋት ፊርማ ላይ ስለነበርኩ ነው ያልላክሁልህ። ፈረምኩ። ይኼን እግር ብቻሽን ጨርሺው ብለውኛል።» ቀጥላ «አልተቆጣሁም» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት። ጭንቀቱ አልለቀቀኝም፤ ውሸት አልነግርሽም። ነገም ፎቶው ቢዘገይ እንዲሁ እሆናለሁ፤ ታኅሣሥ እስኪያልፍም፣ ካለፈ በኋላም። «ተጠንቀቂ» ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ሌላ ስፈልግ ቆየሁ። ከዚያ «አውራ ጣቱን ቀረብ አድርገሽ አሳዪኝ» ብዬ ላክሁላት።

ወዲያው ላከችልኝ። ጥፍሩ ላይ፣ ከታች ማንም በማያየው ቦታ፣ አንዲት ነጭ የብርሃን ነጥብ አለች። ጎጎ ኖምሳን ጠርቼ አሳየኋት። ደንበኛዋም መጥታ አየች።

የሺዬ፣ ይረሳኛል ብለሽ እንዳትሰጊ። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፎቶውን እንደገና ከፈትኩት። ቅድም ያየሁት ለራሴ ነበር፤ ሁለተኛው ያንቺ ነው። እሷ የምትልከውን ሁሉ፣ ዓይኔ እስካየ ድረስ፣ እንዲሁ ሁለት ሁለት ጊዜ አየዋለሁ።

ያንቺው መኰንን
ፎርድስበርግ